ከላይ ያለችው መስመር

በሩ ሲዘጋበት ሰውየው እየሳቀ ነበር አሉ። መርማሪዋ ስትደርስ ግን ፊቱ ላይ የቀረ ሳቅ አልነበረም። የሰርቨሮቹ ክፍል ደፍ ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ አሁንም የበሩን እጀታ የያዘ ይመስል ተጨብጦ ቀርቷል። የብረቱ በር መቆለፊያ በድጅኖ ተፈልቅቆ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ማሽኖች ምንም እንዳልተፈጠረ ያጓራሉ።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ቁጢጥ አለች። ወፍራም ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ለእሷ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቢሆንም ሬሳን ቆሞ ቁልቁል ማየት ነውር ነው ባይ ናት። ከሟቹ ጋር ፊት ለፊት ካልተያየች ነገሩ አይገባትም።

«ምንድን ነው የገደለው?»

«ጋዝ» አለች የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከኋላዋ። «እሳት ቢነሳ እሳቱን የሚያጠፋ ጋዝ ነው። አየሩን አባሮ ክፍሉን ይሞላዋል።»

«እሳት ተነስቶ ነበር?»

«ኧረ ምን እሳት! ሙከራ ነበር። በየወሩ የምናደርገው ሙከራ። አንድ ሰው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ‹ጭስ አለ› የሚለውን የመሞከሪያ ቁልፍ እንጫናለን። ማሽኑ ውስጥ ሰው መኖሩን አይቶ ጋዙን ይከለክላል፣ ደወል ብቻ ይደውላል።»

«የጋዙን ቧንቧ ሳትዘጉ?»

ሥራ አስኪያጇ አንገቷን ደፋች። «መጀመሪያ መጀመሪያ እንዘጋ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አሳስቶን ስለማያውቅ ተውነው።»

«ቁልፉን ማን ተጫነ?»

የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ የቀኝ እጇን ጣት በግራ እጇ ጨብጣ ይዛለች፤ ልትሰብረው ያሰበች ነው የምትመስለው።

«እኔ» አለች። «የተጫንኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ይውሰዱኝ።»

ሌላ መርማሪ ቢሆን እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሲያገኝ እሰየው ብሎ መዝገቡን ይዘጋ ነበር። ይቺኛዋ ግን ሳትጠየቅ የመጣች ኑዛዜ አትወድም፤ ያልተጠራ እንግዳ ናት ትላታለች።

መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነው፤ የሚሠራውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ማሽኖቻቸውን የሚያዙበት። ቋንቋውን የፈጠረውን ሽበታም ሰውዬ ሁሉም «አባ ቋንቋ» ይሉታል፤ ፊት ለፊትም ይሉታል፣ እሱም ደስ ይለዋል። ሥራ አስኪያጇ ሚስቱ ናት። በቋንቋው የተጻፈውን ለማሽን የሚያስረዳ «ተርጓሚ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እሱን የሚጠብቀው ትከሻው የበሬ፣ ድምፁ የሕፃን የሆነው ሰውዬ «ጠጋኙ» ይባላል። ሟቹ የቋንቋውን መመሪያ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። ድሮ አስተማሪ ስለነበር «መምህሩ» ነው የሚሉት። ልጅቷ የእህቱ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ያሳደጋትም፣ እዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው።

መርማሪዋ እያቃሰተች ከልጅቷ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ለምን ሁልጊዜ እሱ ይገባል?»

«መጀመሪያ ሲሞከር የሚገባ ጠፋ። እኔ አዲስ ነበርኩ፣ ማን ያምነኛል? እሱ ሳቀና ‹የእህቴን ልጅ እኔ ካላመንኳት ማን ያምናታል?› ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። በበሩ መስታወት ምላሱን ያወጣብኛል፣ እኔ እጫናለሁ፣ ደወሉ ይጮሃል፣ እየሳቀ ይወጣል። ዛሬም ምላሱን አውጥቶብኝ ነበር።»

«ማሽኑ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል?»

«ጣሪያው ላይ የሚያይ ነገር አለ። ሰው ካየ ይቺ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች።»

«በርታ ነበር?»

«በርታ ነበር! እሷን ሳላይ ተጭኜ አላውቅም። ሁለቱም ነበሩ፤ ጭሱም፣ ሰውም። የቀረበው እያለ የራቀውን ለምን ወሰደ? ለምን?»

መርማሪዋ ምንም አልገባትም፤ አልጠየቀችምም። ኀዘን ላይ ያለ ሰው የተናገረውን እንደ ዕቃ አስቀምጦ ቆይቶ ማየት ነው የሚሻለው።

«ከዚያስ?»

«ጋዙ አፏጨ። በሩ ተቆለፈ። አባ ቋንቋ በወንበር ደበደበው። ሚስቱ ድጅኖ ይዛ መጣች። ጠጋኙ ‹ኃይሉን ላቋርጥ› ብሎ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጠ። እኔ እጀታውን ስጎትት እሱም ከውስጥ ሲነቀንቀው እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ተወው።»

ሥራ አስኪያጇን ቢሮዋ ውስጥ አነጋገረቻት። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ መናገር አልቻለችም፤ ወንበሯን ይዛ ቆመች።

«ሰሞኑን የተጣላው ሰው ነበር?»

«ያልተጣላው ማን አለ! መምህሩ እኮ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሳምንት የሚሟገት ሰው ነው። ስለ ‹ምረጥ› ምዕራፍ እየጻፈ ነበር።»

«ምንድን ናት ‹ምረጥ›?»

«የቋንቋችን አንድ ትእዛዝ ናት። ‹እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ እንዲያ ከሆነ ያንን› እያልሽ መስመር በመስመር ትሰጫታለሽ፤ እሷ የሚገጥመውን ትመርጣለች። እንደዚያ ነው። ይቅርታ፣ አንቺ አልኩዎት።»

«ግድ የለም፣ አንቺ በይኝ። ፀቡስ?»

«እዚያ ምዕራፍ ላይ ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ አለ። እኔ ምን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፣ ደንበኛ ታስበረግጋለህ ብዬ ጮህኩበት። ባለቤቴ ‹መጽሐፌን አታበላሽብኝ› አለው። ያልተቆጣው ጠጋኙ ብቻ ነው፤ ‹ያቺን አንድ መስመር ተውልኝ› እያለ እንደ ልጅ ሲለማመጠው ሰምቻለሁ። መምህሩ ግን ካመነበት አይመለስም። ምሳሌዎቹን ሁሉ በአሁኑም በአሮጌዎቹም ተርጓሚዎች፣ እዚያው ሰርቨሩ ክፍል ገብቶ ሳይሞክር አይጽፍም። ‹ያልተሞከረ ምሳሌ ሐሜት ነው› ይላል።» ቆም አለችና «ይል ነበር» አለች።

ጠጋኙ ያለቀሰበት ዓይኑ ደም መስሏል። ለልጅቷ ኮቱን አልብሷት፣ ውሃ አቅርቦላት ነው የመጣው። መርማሪዋ እዚያ ቤት ካነጋገረቻቸው ሁሉ እንደ እሱ በትዕግሥት ያስረዳት የለም።

«እኔ እኮ» አለችው «እንኳን ኮምፒውተር ስልኬም አይታዘዘኝ። እንደ ሕፃን ያስረዱኝ።»

ወረቀት ሳበና ሦስት መስመር ጻፈላት።

ጭስ ካለ፦ በሩን ቆልፍ፣ ጋዙን ልቀቅ።
ጭስም ሰውም ካለ፦ በሩን ክፈት፣ ደወል ብቻ ደውል።
ከዚህ ሌላ ከሆነ፦ ዝም በል።

«የልጅቷ ፕሮግራም ይሄ ነው። ‹ምረጥ› ከላይ ትጀምራለች። መጀመሪያ የገጠማትን መስመር ይዛ ትሄዳለች፤ ከታች ያለውን ዞር ብላ አታየውም። አዩ? የጭሷ መስመር ከላይ ናት። ጭስ መጣ፣ ገጠመች፣ አለቀ። መምህሩ ያለባት መስመር ከታች ሳትነበብ ቀረች።»

«ታዲያ በፊት በፊት ለምን አልገደለችም?»

«ሰሞኑን አገላብጣቸው ይሆናል። ወጣት የጻፈውን አይተውም፣ ይነካካል።» በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። «ልጅ ናት፣ እናቴ። ማንም ይሳሳታል። እባክዎ አይጨክኑባት።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ነገሩ ገባት። እንዲህ በቀላሉ የገባት መሆኑ ነው ሌሊቱን የከነከናት።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ደወለ።

«ባለሙያችን አይቶታል» አለ። «እሱ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። የጭሷ መስመር ከላይ ነበረች። የልጅቷ ጥፋት ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት አቅርቢያት።»

«መስመሮቹን ሰሞኑን ካልነካቻቸውስ?»

«የፕሮግራሙ የለውጥ መዝገብ አልተነካም ይላል። መዝገቡንም ማጥፋት የምትችለው እሷው ናት፤ በእጇ ነው። ምን ያደርቅሻል? ሪፖርቱ እጄ ላይ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች በሆዷ፤ በአፏ «እሺ ጌታዬ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ቀጥላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ለልጅቷ የቀራት ያቺ ቀን ብቻ ናት፤ ከዚያ በኋላ አጎቷን የገደለች ተብላ ትኖራለች፣ ባትታሰርም እንኳ።

የመምህሩ ወንበር ዝቅ ያለ ነው፤ አጭር ሰው ነበር። መርማሪዋ እየተጨነቀች ተቀመጠችበት። ኮምፒውተሩ ላይ የመጨረሻው ገጽ እንደተከፈተ ነው። የሞተ ሰው በመጨረሻ የነካውን ማየት ልማዷ ስለሆነ እንጂ ይገባኛል ብላ አልነበረም ማንበብ የጀመረችው።

«‹ምረጥ› ብልህ ዘበኛ ናት» ይላል ገጹ። «ለዘበኛችን ሁለት ትእዛዝ ሰጠነው እንበል፦ ‹የመጣ ሰው ሁሉ ውጭ ይጠብቅ›፤ ‹ሐኪም ከመጣ ይግባ›። ሐኪም መጣ። ሐኪምም ሰው ነውና ሁለቱም ትእዛዝ ይገጥመዋል። ሞኝ ዘበኛ የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ይዞ ሐኪሙን ውጭ ያቆመዋል፤ ውስጥ ያለው በሽተኛ ይሞታል። ብልህ ዘበኛ ግን ይበልጥ የቀረበችውን ትእዛዝ ይፈጽማል። የሌሎች ቋንቋዎች ዘበኛ ሞኝ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን እናንተ ታስተካክሉለታላችሁ። በእኛ ቋንቋ ግን መስመሮቹን እንዳሻችሁ ደርድሯቸው፤ የሚመረጠው የቀረበው ነው።»

ከዚህ በታች «ማስጠንቀቂያ፦» የሚል አለ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

መርማሪዋ ደግማ አነበበችው። የቀረበው እያለ የራቀውን ለምን ወሰደ? ብላ ነበር ልጅቷ። ከቦርሳዋ የጠጋኙን ወረቀት አወጣችና ከገጹ አጠገብ ያዘችው። አንዱ ከላይ ትጀምራለች ይላል፤ አንዱ የቀረበውን ትመርጣለች ይላል።

አባ ቋንቋን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ሽበቱ ሳይበጠር፣ የትናንቱን ሸሚዝ ለብሷል።

«‹ምረጥ› ከላይ ወደ ታች ናት የምታነበው?»

ሰውየው ኀዘኑን ረስቶ ተቆጣ። «ማን አለዎት? ዕድሜዬን የጨረስኩት እኮ እንደዚያ እንዳትሆን ነው! ቋንቋዬን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። እዚህ ቤት ይህን የማያውቅ የገዛ ስሙን የረሳ ሰው ብቻ ነው።»

«ፕሮግራሙስ ተነክቷል?»

«አንዲት ፊደል አልተነካችም። መጀመሪያ ስትጽፈው የጭሷ መስመር ከላይ እንደነበረች እኔው ራሴ አይቻለሁ። ከላይ ብትሆን ባትሆን ለውጥ የለውም።»

«እንግዲህ ፊደሉ ካልተነካ፣ መብራቷም ሰው አለ ብላ ከበራች፣ ምን ቀረ?»

የአባ ቋንቋ ፊት እየነጣ ሄደ።

«ተርጓሚው» አለ።

«ሞኝ ዘበኛ የነበረበት ጊዜ አለ?»

«አንድ ጊዜ። አንድ ቨርዥን፣ አንድ የተርጓሚው እትም፣ ተበላሽቶ ተሠርቶ ነበር። ግን ከዚህ ቤት አልወጣም። ጠፍቷል ተብዬ...» መርማሪዋ ትከሻውን ነካ አድርጋው «አሁን ያለውን ተርጓሚ ይመልከቱልኝና ዝም ይበሉ፤ ለሚስትዎም እንዳይነግሩ» አለችውና ወደ ጋዝ ጠርሙሶቹ ሄደች። ከዚያ ቁልፍ ሠሪ አስጠርታ የበሩን መቆለፊያ አስጠገነች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ጋ ቆመዋል። ልጅቷ የምታያቸው እኔን ሊወስዱ ነው ብላ ነው፤ የአጎቷን ሹራብ ደርባ መጥታለች።

«አንዱ ጠርሙስ ትናንት ባዶ ሆኗል» አለች መርማሪዋ። «ተጠባባቂው ግን ሙሉ ነው። ፕሮግራሙ ትናንት የነበረው ነው። ባለሙያችንም፣ ጠጋኙም እንደነገሩኝ የጭሷ መስመር ከላይ ስለሆነች ይህ ክፍል የገባበትን ይገድላል። እኔ እገባለሁ። አባ ቋንቋ ቁልፉን ይጫኑ።»

ማንም አፉን ሳይከፍት ገብታ በሩን ዘጋችው። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። መርማሪዋ በበሩ መስታወት አሻግራ የሰዎቹን ፊት ትመለከት ጀመር።

ኮሪደሩ ተቀወጠ። ልጅቷ ዘልላ ቁልፉን በጀርባዋ ከለለችው፤ «አይሆንም! ይውጡ! በእናትዎ ይውጡ!» ትላለች። ሥራ አስኪያጇ «ኧረ እብድ ናት!» እያለች እጀታውን ትጎትታለች። አባ ቋንቋ፣ በገዛ ቋንቋው የሚያምነው ሰውዬ፣ እጁን ዘርግቶ አጥፎ «እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ግን ይውጡ፣ ግን ይውጡ» ይላል። ላቡ በግንባሩ ወርዷል።

አንድ ሰው ብቻ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ ፊቱን እንዳዘነ ቆሟል።

መርማሪዋ በሩን ከፍታ ወጣች።

«በቃ። ፈተናው ቁልፉ አልነበረም» አለች፤ ወደ ጠጋኙም ዞረች። «ሰው ማልቀስ ይችላል፤ ድንጋጤ ግን ተጠርቶ አይመጣም። እርስዎ አልደነገጡም።»

«ደርቄ ቀርቼ ነው» አለ በለስላሳ ድምፁ። «ሁሉም ሰው አይጮህም።»

«ይሁን፣ አልከራከርዎም። እንግዲያው እኔም እንደ ‹ምረጥ› መስመር በመስመር ልሂድ። ትናንት የነገሩኝ እውነት ከመሰለዎት፦ ዓይንዎ እያየ ልሞት ስገባ ቃል አልተነፈሱም። እውነት እንዳልሆነ ካወቁ ደግሞ፦ ትናንት ዋሽተው ገመዱን በዚህች ልጅ አንገት ላይ አስገቡ። ከሁለቱ የትኛው ይገጥምዎታል? ‹ከዚህ ሌላ ከሆነ› የሚል መስመር የለኝም።»

«ምን ብሎ ዋሸ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«‹ምረጥ› ከላይ ትጀምራለች አለኝ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ሰው አየ። «ከላይ? እሱ? ተርጓሚውን የሚጠግነው እሱ እኮ ነው!»

«የኔን አላዋቂነት አይቶ ነው» አለች መርማሪዋ። «የውጭ ባለሙያ ብጠይቅም ያንኑ እንደሚለኝ ያውቃል፤ የውጭ ሰው የሚያውቀው ሞኙን ዘበኛ ነውና። አንድ ሰው ብቻ ረሳ፤ መምህሩን። መምህሩ ለእንደኔ ያለ ደንቆሮ እንኳ እንዲገባ አድርጎ ጽፎት ሞቷል።

«አሁን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንያዘው። ፕሮግራሙ አልተነካም። መብራቷ በርታለች። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ያበላሸው ተርጓሚው ነው። ግን ተርጓሚው ዛሬ ደህና ነው፤ አባ ቋንቋ ጠዋት አይቶታል። እንግዲህ አንድ ሰው ከሙከራው በፊት ሞኙን አሮጌ ቨርዥን አስገብቶ፣ ከሞቱ በኋላ ደህናውን መልሶታል። መቼ? በሩ ሲሰበር ሥራ አስኪያጇ ድጅኖ ይዛለች፣ አባ ቋንቋ ወንበር፣ ልጅቷ እጀታውን። እዚህ ቤት ያን በር በትከሻው ሊገነጥል የሚችል አንድ ሰው ነበር። እሱ የት ሄደ?»

«ኃይሉን ላቋርጥ ብሎ...» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ቃሏንም አልጨረሰችውም።

«መቆጣጠሪያው ክፍል። ተርጓሚው የሚቀየረውም እዚያ ነው።»

አባ ቋንቋ ወደ ጠጋኙ ዞሮ «ያን ቨርዥን አጥፍቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለ። «ከቤት አልወጣም ብለኸኝ ነበር!»

ጠጋኙ እጁን ከኪሱ አወጣ። የት እንደሚያደርገው ግን የጠፋው መሰለ።

«ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ነው የተላከው» አለ። «ስህተቱን ሳላውቅ። መቁረጫ ማሽን ላይ ጫኑት። ‹ሰው እጁን ካስገባ ቁም› የምትለው መስመር ከታች ነበረች። ሠራተኛው እጁን አጣ። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ነው ጥፋተኛው ተባለ፣ ታሰረ። እኔ... ዛሬ እናገራለሁ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ከረምኩ። መምህሩ ምሳሌውን በአሮጌዎቹ ሲሞክር ደረሰበት፤ ለማን እንደተላከም አወቀ። ለመንኩት። አንዲት መስመር ናት፣ ተዋት አልኩት። ‹አንዲት መስመር ናት፤ የሰው እጅ ግን በልታለች› አለኝ።»

«አንዴ የሠራልዎትን ዘዴ ነው የደገሙት» አለች መርማሪዋ። «ተርጓሚው ያጠፋል፣ የጻፈው ይታሰራል።»

«እሷን ልጅ ናት፣ ይቅር ይሏታል ብዬ ነው» አለ ጠጋኙ። እንደዚያ ያመነ ነው የሚመስለው፤ ሁሉንም የሰቀጠጣቸውም ይኸው ነው።

ልጅቷ ተጠጋችው። አልጮኸችም።

«ጣት አልነበረህም?» አለችው። «ገደልከው። እሺ። የራስህ ጣት አልነበረህም?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ደረጃውን ወረዱ።

ሥራ አስኪያጇ «ብንጫነውስ ኖሮ? አንቺስ ብትሞቺ?» አለች መርማሪዋን።

«ሞኝ መሰልኩሽ? ጠርሙሱን ጠዋት ዘግቼዋለሁ። የሚጠብቁኝ ልጆች አሉኝ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ልጄ፣ ፕሮግራምሽ ትክክል ነበር። አጎትሽ አንቺን አምኖ አልተሳሳተም። የተከዳው በሌላ ነው።»

ልጅቷ ቁልፉን እያየች «የሚወዛወዘው እጀታ ግን እጄ ላይ አለ» አለች። «አሁንም አለ።»

መርማሪዋ ያልፋል ልትላት አፏን ከፍታ ተወችው። አላመነችበትም።

አባ ቋንቋ ያኔ ነው ሳይጠየቅ ወደ ክፍሉ የገባው። በሩን ዘጋ፣ በመስታወቱ ልጅቷን አየ፣ ራሱን ነቀነቀላት። ልጅቷ መብራቷን አየች፤ አረንጓዴ ናት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ተጫነችው። ደወሉ ጮኸ። ደወሉ ብቻ። በሩ በራሱ ተከፈተ፤ ልጅቷም ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከትናንት ጀምሮ አልወጣ ያላትን ለቅሶ አለቀሰችው። ሥራ አስኪያጇ አቅፋት አብራት አለቀሰች።

ሲመሽ መርማሪዋ ሪፖርቷን ጨርሳ ልትወጣ ስትል ልጅቷን የመምህሩ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አገኘቻት። ገጹ ተከፍቷል። «ማስጠንቀቂያ፦» ከሚለው በኋላ የቨርዥኑ ቁጥር፣ የተላከበት ፋብሪካ፣ ያለ ጥፋቱ የታሰረው ልጅ ንጹሕ መሆኑ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከሥሩም ምሳሌ አለ። ልጅቷ ግን የጻፈችውን ገና ኮምፒውተሩ ላይ አላስቀመጠችውም፤ እጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ምን ቀረሽ?»

«ምሳሌውን አልሞከርኩትም። አሮጌው ተርጓሚ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።» የብረቱን በር በአገጯ አሳየች። «ሳይሞከር ደግሞ ሐሜት ነው።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሄዳ በሩን ከፈተች፣ ጫማዋን ደፉ ላይ አስደግፋ ሰፊ ጀርባዋን በብረቱ ላይ ጣለች። ጉልበቷ ቢያማትም አልተቀመጠችም።

«ግቢ» አለቻት። «እዚሁ ነኝ። እስክትወጪ አይዘጋም።»

ልጅቷ በአጠገቧ አልፋ ገባች።